የሰባት ሰዓት ዜና

ለምሳ ከሥራ የተመለሰው ወልደጻድቅ ሽርጡን ጉልበቱ ላይ ሰብስቦ፣ ራዲዮውን ምንጣፉ ላይ በፊቱ ደፍቶ፣ የጀርባውን ብሎን በካቻቢቴ ይፈታል። ሚስቱ ዘርፈሽ አጠገቡ ሽንኩርት ትልጣለች። ሽንኩርቱ ተልጦ ካለቀ ቆይቷል፤ እጇ ግን አላቆመም፣ ግማሹን በከንቱ ጨረሰችው።

«አቦ ይሄ ነገር ምን ነካው? ትናንት ሲለፈልፍ አልነበር እንዴ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ሙቀቱ ይሆናላ» አለች። በድሬ በሙቀት የማይሳበብ ነገር የለም፣ ሙቀቱ ሁሉን ይሸከማል።

የራዲዮው ፊውዝ ያለው ግን በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ ነው። ጠዋት እሱ ፊቱን ሲታጠብ ነቅላ ደበቀችው። ቦታውን ያሳያት ራሱ ነበር። ራዲዮው ከጅቡቲ በኮንትሮባንድ የገባ ሰሞን ከፍቶ ኩራዝ አስያዛትና፣ «አየሽ ዘርፌ፣ ይሄ ሁሉ ፎካሪ የሚፎክረው በዚች የሩዝ ፍሬ በምታህል ብርጭቆ ነው» ብሏት ነበር።

ምን ታድርግ ታዲያ? ባሏ ራዲዮ አያዳምጥም፤ መልስ ይሰጠዋል እንጂ። ዕድሜውን ሙሉ በሳሙና ፋብሪካ ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ፋብሪካው የአንድ ግሪክ ሳለ ግሪኩን ያማ ነበር። ፋብሪካው ሲወረስ ደግሞ ጓድ የሚባሉትን አዳዲስ አለቆች ማማት ጀመረ። «ድሮ ላቤን የሚወስደው ግሪኩ ነው፣ አሁን ሰፊው ሕዝብ ነው አሉኝ። ሰፊው ሕዝብ እኔ ከሆንኩ ላቤ የት ገባ?» ይላል። ቀኑን ሙሉ ሳሙና ሲሠራ ውሎ፣ ለአንዲት ሳሙና ቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ይሰለፋል።

ዘርፈሽ ይህን አፉን ትወድለታለች። እውነቱን ለመናገር ያገባችውም በዚሁ አፉ ነው። ችግሩ የማሽን ጩኸት ጆሮውን አደንቁሮታል፤ ሹክ ያለ እየመሰለው ግቢውን ሁሉ ያሰማል። ከሳንቃው ግድግዳ ማዶ ደግሞ ባለፈው ሳምንት የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አዛዥ ጓድ ክፍሌ ገብቷል። የታችኛው ቤት ጎረቤታቸው ዱዓሌ ሻይ ቤት ውስጥ በቀለዳት አንዲት ቀልድ ተወስዶ እንደወጣ ቀርቷል። ሚስቱ ኻድራ ይመጣ ይሆናል እያለች እስከ ዛሬ በሯን ሳትቀረቅር ነው የምትተኛው። ዘርፈሽ እንደዚያ መተኛት አትችልም። አትችልም፣ በቃ።

ወልደጻድቅ ክዳኑን አነሳ። ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ሊያይ ሲል ግን ግድግዳው ተናገረ። ጓድ ክፍሌ ራዲዮ ሲከፍት ለሰፈሩ ነው።

«…የሳሙና ፋብሪካው ላብ አደሮች ከወንድም ሶሻሊስት አገር በተገኘው ዘመናዊ ማሽን በመታገዝ ምርታቸውን በእጥፍ ማሳደጋቸውን…»

ዘርፈሽ ሁሉን አስባ የጎረቤትን ራዲዮ ረስታው ነበር! ያ ማሽን እኮ ከነሣጥኑ መጋዘን ደጅ እንደተጎለተ ነው። የምረቃው ዕለት ሪባን የተቆረጠው ሣጥኑ ላይ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የዘበኛው ዶሮ በስንጥቁ ገብታ እንቁላሏን ታቅፋበታለች። ይህን ወልደጻድቅ በየቀኑ ሲስቅበት ከርሟል።

ካቻቢቴውን ጣለው። ደረቱ ተነፋ፣ አፉ ተከፈተ።

ዘርፈሽ «ዝም በል» ማለት አቃታት። እጇ ብቻ ሳታዝዘው ሄዶ የነጠላዋን ጫፍ ጭብጥ አደረገ። እሱም አየ። መጀመሪያ እጇን፣ ከዚያ ባዶውን የፊውዝ ቦታ፣ ከዚያ ፊቷን። እያለቀሰች ነበር፣ የሽንኩርቱም አልነበረም።

«ጋሽ ወልደጻድቅ!» ጓድ ክፍሌ ነው፣ ከማዶ። «ሰሙ? የእርስዎ ፋብሪካ እኮ ነው! እንዴት ነው ማሽኑ?»

ለጨዋታ ይሁን ለምርመራ ማን ያውቃል።

«ሰማሁ፣ ጓድ!» አለ ወልደጻድቅ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል። «ማሽኑማ ግሩም ነው! ድምፁ እንኳ አይሰማም!»

«ወደፊት ነው!» አለ ጓድ ክፍሌ፤ ራዲዮውም ወደ ማርሽ ሙዚቃው ገባ።

የወልደጻድቅ ትከሻ ወረደ። አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ይሄ ሰው አንድ ቀን እንኳ ቃሉን ውጦ አያውቅም፤ ዛሬ ያስዋጠችው እሷ ናት።

«እንካ» አለች፣ ቋጠሮውን በጥርሷ ለመፍታት እየታገለች። «እንካ ውሰዳት። እንዲህ ሆነህ ከማይህስ…»

እሱ ምንጣፉ ላይ እየተንፏቀቀ ተጠጋትና አፉን ጆሮዋ ሥር አደረገ።

«ዶሮዋ ፈለፈለች» አለ።

«የቷ?»

«የማሽኗ ናታ! ዛሬ ጠዋት። ለካ ራዲዮው እውነቱን ነው፣ ምርቱ አድጓል!»

ዘርፈሽ ሳቋ አመለጣት፤ በነጠላዋ አፈነችው። እሱ በሳቋ ተበረታቶ ድምፁ ከፍ ሲል ክንዱን ጫን አደረገችው፣ ወዲያው ዝቅ አለ። እንዲህ እያለ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ በየጓዱ ስም ጠራላት፣ ሊቀመንበሩንም ሥራ አስኪያጁንም። እሷም ሲጮህ ክንዱን እየተጫነች፣ ድምፁ ዝቅ ሲል እየለቀቀች፣ ሆዷን ይዛ ሰማችው። ማዶ ማርሹ ይደለቃል።

ሲጨርስ የነጠላዋን ጫፍ አነሳ። ቋጠሮው በጥርሷ ላልቶ ነበር። በዚያ ማሽን በሚፈታበት ወፍራም ጣቱ፣ ፊውዟን ከውስጥ እንደያዘ፣ ጠበቅ አድርጎ አሰረና ጭኗ ላይ መለሰላት።