ለመኪና ዋስ

«ጣሊያን መቶ ዓመት አይነቀልም፤ አገሩ ሁሉ የሚለው ነው» አለ ቢተው። ከማለዳ ጀምሮ ይህንኑ ሲደጋግም ነበር። ከፊቱ ቤንዚን የማትጠጣ፣ በባትሪ የምትሄድ ትንሽ መኪና ቆማለች። የጣሊያን ጦር ሰፈር አስተርጓሚ በሰጋር በቅሎ ሊለውጣት መጥቷል። በቅሎዋ የቢተው ሚስት አይናዲስ ከአባቷ የወረሰቻት ነበረች፤ የመሳቢያው ገመድም በእጇ ነበር።

አስተርጓሚው ባትሪውን ቤታቸው የሚሞሉበትን መሣሪያ አስመረጣቸው፤ ወይ በውሃ ወፍጮ የሚዞር ዲናሞ፣ ወይ ከጦር ሰፈሩ ሞተር እስከ ግቢያቸው የሚዘረጋ ሽቦ።

«ዲናሞውን» አለች አይናዲስ። «ወንዝ ጌታ አይለውጥም።»

«ሽቦውን» አለ ቢተው። «መኪና ገዝቼ ወፍጮ ቤት አላድርም።»

«እንግዲያው ዋስ ይጥራ። በቅሎ ሻጭ እንኳ ዋስ ይጠራል።»

አስተርጓሚው ሳቀ። «የመንግሥት ሰው ዋስ ይጥራ፣ እሜቴ?»

«የማን መንግሥት?»

ቢተው ፊቱ ጠቆረ። ገመዱን ያዘና ጎተተ፤ እሷም አልለቅ አለች። መዳፏ እስኪላጥ ተጓተቱ። «ዋሱ እኔ ነኝ» አላት ጥርሱን ነክሶ።

ያን ጊዜ ለቀቀችው። አሸንፏት አይደለም፤ በገዛ ሚስቱ ላይ ለባንዳ ዋስ ከሆነ ሰው ጋር አንድ ገመድ መያዝ ቀፈፋት።

አስተርጓሚው የሽቦውን ጥቅል መሬት ላይ ጣለላቸውና በቅሎዋ ላይ ተፈናጠጠ። ከአጥሩ ውጭ ከራቀ በኋላ ዞር አለ። «ሽቦውን ልብስ አስጡበት» አለ። «ሞተሩን ጎህ ሲቀድ ፈትተን ጭነነዋል፤ ጦሩም አገሩን ለቆ ዓባይን ሊሻገር ተነሥቷል።»