ከነጩ ጨርቅ በታች

የግራ ጉንጬ ተላጭቶ አልቋል፤ የቀኙ ገና በሳሙና አረፋ እንደ ተሸፈነ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ከጆሮዬ ሥር ሊያሳርፍ ሲል ከግድግዳው የተሰቀለው ቴሌቪዥን የምርጫውን ውጤት ያሰማል፤ ቤቱም ባንድ ጊዜ ብድግ ይላል።

አሸንፏል። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሕዝቡን ሲያስቅ የኖረው ቀልደኛ ከዛሬ ጀምሮ የአገር መሪ ነው። ተራ ጠባቂዎቹ ይተቃቀፋሉ። ሥጋ ሻጩ ቆቡን ወደ ጣራው ይወረውራል፤ ባለታክሲው ስልኩን አውጥቶ ደስታውን መቅረጽ ይጀምራል። መንገዱ በመኪና ጥሩምባ ታውኳል። ከማዶ፣ በመድኃኒት ቤቱ በር ላይ፣ አንዲት ሴት አፏን በመዳፏ ይዛ ቆማለች፤ ከደስታ ይሁን ከድንጋጤ፣ በመስታወቱ ውስጥ ለይቼ ማየት አልቻልሁም።

እኔ ከወንበሩ አልተነሣሁም። ነጩ ጨርቅ ከአንገቴ ታስሮ እስከ ጉልበቴ ወርዷል፤ እጆቼም ከሥሩ ናቸው። በርእሰ መምህርነት ባገለገልሁባቸው ሠላሳ አምስት ዓመታት የሸሚዜ አንገት ሳይቆለፍ ከደጅ ወጥቼ አላውቅም። በግማሽ ጢም ልወጣ አልችልም።

ቀልደኛውን የምጠላው ለፖለቲካው አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ዳኛ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ አንደበቱ ይያዝ ነበር፤ በችሎት ላይ ግን አንድ ቀን አፍሮበት አያውቅም። አንድ ቅዳሜ ማታ ይህ ቀልደኛ ካባ ደርቦ፣ መነጽሩን እንደ ወንድሜ ከአፍንጫው ጫፍ አስቀምጦ፣ «ፍ... ፍ... ፍርድ ቤቱ ተሰይሟል» አለ፤ አገር በሳቅ ፈነዳ። በሳምንቱ ልጆች በየመንገዱ ወንድሜን እየተከተሉ ይህንኑ ይሉት ጀመር። በወሩ አንድ ተከሳሽ በችሎቱ መካከል ደገመለት። ወንድሜ መዝገቡን አጥፎ ወጣ፤ ወደዚያ ወንበርም አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲያ የሚፈልገውን ሁሉ በወረቀት እየጻፈ ያሳየን ነበር። በሞተበት ቀን ግን እጆቼን ይዞ በገዛ አንደበቱ ተናገረኝ። «እ... እነዚህ እጆች ለዚያ ሰው እንዳያጨበጭቡ።» ማልሁለት።

እዚህ ካሉት ይህን የሚያውቅ ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ነው። ወንድሜንም የሚላጨው እርሱ ነበር፤ በቀብሩም ቀን የላጨው እርሱ ነው።

በቴሌቪዥኑ አሸናፊው ወደ መድረኩ ይወጣል። ሕዝቡ ዝም እስኪል ይጠብቃል። ከዚያም የሌለ መነጽር በሁለት ጣቱ ወደ አፍንጫው ጫፍ ይገፋል። ምን ሊከተል እንደሆነ ስለማውቅ እግሮቼን ከመርገጫው ብረት ላይ አጠብቃለሁ።

«ፍ... ፍ...» ይላል፤ የቀረውን ቤቱ በሙሉ ባንድ ድምፅ ይፈጽምለታል።

ጭብጨባው መጀመሪያ የተበታተነ ነበር፤ እየቆየ ግን ሥልት ይይዛል፤ ሁሉም እጃቸውን እኩል ያነሣሉ፣ እኩል ያሳርፋሉ። ባለታክሲው ስልኩን ከአንዱ አጨብጫቢ ወደ ሌላው እያዞረ ይቀርጽና እኔ ዘንድ ሲደርስ ይቆማል።

«ጋሼ ብቻ ቀሩ» ይላል።

ሥጋ ሻጩ እንዲታገሡኝ ይለምናቸዋል፤ «ግማሽ ፊታቸው ገና ከተሸናፊው ጋር ነው» ይላል። ሁሉም ይስቃሉ። ቀልዱ ጥሩ ስለ ነበር እኔም ፈገግ ማለቴን አልክድም።

«እጆቼ ከጨርቁ በታች ናቸው» እላለሁ። በዕድሜዬ ሁሉ እንዲህ ያለ የፈሪ መልስ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

«ከሥሩ ያጨብጭቡ እንጂ፣ ጋሼ። ጨርቁ ሲነሣ እናየዋለን።»

በክፋት አይደለም ያለው። ከልቡ ደስ ብሎታል፤ ከደስታው ማንም እንዲቀርበት አይፈልግም። ስልኩ ወደ ጉልበቴ ዝቅ ብሎ ይጠብቃል። ልነሣ ብል ጨርቁ ከማጅራቴ ታስሯል፤ በሩም በሚጨፍሩ ሰዎች ተዘግቷል። የወንድሜን ነገር ልንገራቸው ብል ምናልባት ያዝኑልኝ ይሆናል፤ ማዘናቸውም ይቀረጻል። እጆቼን አንዱን ባንዱ ላይ አድርጌ እጫናቸዋለሁ።

ያን ጊዜ የምላጩ ቅዝቃዜ ከአገጬ ሥር ያርፋል።

«አንገታቸው ላይ ስለት አለ» ይላል ፀጉር አስተካካዩ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። «ሰውዬውን እንዳታነቃንቁብኝ።»

ስልኩ ይነሣል። ባለታክሲው ይቅርታ ጠይቆ ወደ ቴሌቪዥኑ ይዞራል፤ ሌሎቹም ይዞራሉ። አሁን በመስታወቱ የሚታየኝ የሁሉም ጀርባ ነው። ቃሌን ጠብቄያለሁ። ትንፋሼን በቀስታ እለቃለሁ፤ ምላጩም በቀኝ ጉንጬ ላይ እየፋቀ ይወርዳል።

ጭብጨባው አልቆመም። ሰዎቹ አሁን በእግራቸውም ወለሉን ይመታሉ፤ በብርጭቆው ውስጥ የቆሙት ማበጠሪያዎች ይንቀጫቀጫሉ። አሸናፊው ሕዝቡ ለምኖት ያንኑ ይደግማል። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው የወንድሜ ድምፅ ነው፤ ከቃሉ በፊት አየር የሚስብባት ያች አጭር ዕረፍት እንኳ አልጎደለችም። እርሱ ከሞተ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ።

ምላጩ ይቆማል። ዓይኔን ስገልጥ ፀጉር አስተካካዩ ፊቴን እያየ አይደለም። በመስታወቱ ውስጥ ወደ ታች ይመለከታል፤ እኔም ዓይኑን ተከትዬ እወርዳለሁ።

ከጉልበቴ በላይ ነጩ ጨርቅ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በቀስታ፣ ከቤቱ ጭብጨባ ጋር እኩል።

ፀጉር አስተካካዩ ከትከሻው ላይ ፎጣውን አውርዶ በጭኔ ላይ ይዘረጋና ወደ ጉንጬ ይመለሳል። ጥቂት ቆይቶ ፎጣውም መነሣትና መውረድ ይጀምራል።