አባባ መቀመጫውን አገኘ

አባባ ክንዴን ለቆ ብቻውን ገባ። ቤታችን ውስጥ መጸዳጃ ቤቱ የሚጠፋበት ሰውዬ፣ እዚህ ደረጃውን ሳያይ ወርዶ፣ በአግዳሚዎቹ መሀል አልፎ፣ ጥግ ሄዶ ዘርፈጥ አለ። የምደናቀፈው እኔ ነኝ!

"ቦታውን አልረሱም እኮ!" አሉ የጠጅ ቤቱ ባለቤት እትዬ ወርቄ።

ጠጅ ቤት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ጴንጤ ነኝ፤ የሐዋሳን አዲስ ከተማ ሰፈር ያቋረጥኩት የቤተክርስቲያን ሰው እንዳያየኝ እየጸለይኩ ነው። ምን ላድርግ፣ ሐኪሙ "የሚወደው ቦታ ውሰጂው፣ አንዳንዴ ይረዳል" አለኝ። አባባ በስሜ ከጠራኝ ቆየ። አንዴ ብቻ "ሃሴት" ይበለኝ እንጂ፣ እንኳን ጠጅ ቤት የትም እገባለሁ።

ሐዋሳ ስንቱ ቤት ፈርሶ ፎቅ ሲሆን ይሄኛው እንዳለ ነው። አበባ የተሳለበት የአቡጀዲ ኮርኒስ፣ የስንት ሰው ክርን ያለሰለሰው ጠረጴዛ፣ ወለሉ ላይ ቄጠማ። "ሟች ባለቤቴ እንደተወው ነው፤ ምስማር አላስነቀልኩም" አሉኝ እትዬ ወርቄ።

አባባ እንዳይሰክርብኝ፣ በጠጅ ፈንታ ብርዝ እንዲሰጡት በጆሯቸው ለመንኳቸው። እንደ ደንቡ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና ብርሌውን ሞሉለት። አባባ ጎንጨት ብሎ ፊቱን አጨማደደ።

"ምነው ወርቄ! የሕፃን ብርዝ ታቀርቢልኛለሽ?"

ስማቸውን ጠራ! ልቤ ዘለለች። እትዬ ወርቄ እየሳቁ ደህናውን ጠጅ አመጡለትና ወደ እኔ ጠቆሙ።

"ጋሽ ደበሌ፣ ይህችንስ ያውቋታል?"

ትክ ብሎ አየኝ። ጌታ ሆይ፣ አንዴ ብቻ፣ እባክህ።

"አላውቃትም። ግን ደግ ትመስላለች።"

ተነስቼ ልወጣ ስል እጄን ያዘኝ፤ ጠጋ ብሎም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"የኔ እናት፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሃሴት የምትባል ልጅ አለችኝ፤ ጴንጤ ናት። እዚህ መግባቴን ከሰማች ታለቅሳለች። እንዳትነግሪያት፣ አደራ።"

"አልነግራትም" አልኩት። እንባዬ አገጬ ላይ ደርሷል።

"እግዜር ይስጥሽ" አለኝና፣ ጭንቀቱ ቀለል ብሎት ጠጁን ጎንጨት አደረገ።