ውሃ የማይጠፋበት ግቢ

«እህትዬ፣ ዛሬ ካልፈረምሽ ነገ የሌላ ሰው ነው!»

ደላላው የእስክሪብቶውን ክዳን ነቅሎ አቀበላት...

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጥብቅ አደረገች።

ቦርሳው ውስጥ ያለው ቀብድ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታ ያጠራቀመችው ነው። ሌላ የላትም። ዓይኗ ደግሞ እየደከመ ነው... መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታት ይህን ቤት አከራይታ በኪራዩ ልትኖር ነው ሐሳቧ።

«አራት ክፍል፣ አራት ተከራይ!» አለ ደላላው። «ሦስት ዓመት ንቅንቅ ያላሉ! ባለቤቱ ሩቅ ስላለ በውክልና የምሸጠው እኔ ነኝ። ደግሞ ውሃ የማይጠፋበት ግቢ ነው።»

ይሄኔ ጓሮ ክፍል በር ላይ የቆሙት ኮስታራ ሽማግሌ ከት ብለው ሳቁ።

ምን ያስቃል?

ግቢውን ሲዞሩም እግር በእግር ሲከተሏቸው ነበር... ደላላው ስልክ ሊያነሳ ዞር ሲል ጠጋ አሏት።

«ልጄ፣ ዝናብ ሲዘንብ ነይ... ብቻሽን።»

ክው አለች። ብቻሽን?!

ደላላው ሲመለስ በሹክሹክታ ነገረችው።

«እሱን ተዪው! ርካሽ ኪራይ ለምዶ፣ እንዳትጨምሪበት ፈርቶ ነው። ቤቱን ስትገዢ መጀመሪያ የምታስወጪው እሱን ነው።»

እውነት መሰላት። እስክሪብቶውን የሽያጭ ውሉ ላይ አሳረፈች...

ነፋስ የአንዱን ክፍል መጋረጃ ገለጥ አደረገው።

የልብስ ሰፊ ዓይን ጨርቅ አይቶ አያልፍም። መጋረጃው ላይ ሱቅ ውስጥ የታጠፈበት መስመር አሁንም አለ። ጠርዙ እንኳ አልተቀመቀመም!

«መጋረጃሽ ሲያምር!» አለቻት ተከራይዋን። «መቼ ሰቀልሽው?»

ሴትዮዋ መጀመሪያ ደላላውን አየችው።

«እ... እንደገባሁ። ሦስት ዓመቱ።»

ሦስት ዓመት ፀሐይ የበላው ጨርቅ እንዲህ አይሆንም... የቀጣዩ ክፍል መጋረጃ ደግሞ ከዚያው ጣቃ የተቆረጠ ነው። የሦስተኛውም!

እስክሪብቶውን መለሰችለት።

«ከታላቅ እህቴ ጋር ልማከር።»

«ትቆጫለሽ!» አላት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሰማዩ ተቀደደ...

ጃንጥላዋን ያዘች። ቦርሳዋ ውስጥ ደግሞ ትልቁን የጨርቅ መቀስ ከተተች። «ብቻሽን ነይ» ያለን ሰው ማን ያምናል?

የግቢው በር ክፍት ነው። ግቢው ኩሬ ሆኗል።

መጋረጃ የለም። ተከራይ የለም። ሽማግሌው ብቻ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ከክፍላቸው ውሃ በባልዲ ይደፋሉ። አልጋቸው ጡብ ላይ ቆሟል።

«ይኸውልሽ» አሏት። «ውሃ የማይጠፋበት ግቢ!»

ልትስቅ ነበር... ግን እጇን ወደ መቀሱ ሰደደች።

«ተከራዮቹስ የት ሄዱ ጋሼ?»

«የምን ተከራይ? ደላላው ለግማሽ ቀን ያመጣቸው ናቸው። ከነመጋረጃቸው ሄዱ። እውነተኛ ተከራይ እዚህ አንድ ክረምት አይዘልቅም።»

«እርስዎስ እንዴት ቻሉት?»

ባልዲውን አስቀመጡ።

«እኔ ተከራይ አይደለሁም ልጄ... ቤቱ የእኔ ነው።»



«ሻጩ... እርስዎ ነዎት?!»

«እኔው ነኝ። ደላላው ‹አፍህን ዘግተህ ተከራይ ምሰል› አለኝ። ቸግሮኝ እሺ አልኩ። ሠላሳ ዓመት ብረት በይጄ ያገኘሁትን እዚህ ውሃ በላው። ይሄው ደላላ ነው ለእኔም የሸጠልኝ... በበጋ። ያን ቀን ያችኑ ‹ውሃ የማይጠፋበት› የምትል ቃሉን ሲደግማት ሳቄ አመለጠኝ።»

«ዝም ቢሉ ኖሮ እኮ ገንዘብዎ ይመለስ ነበር!»

«ዝም ልል ነበር። ቦርሳሽን የያዝሽበትን ጣት ባላየው... መርፌ የበሳሳው ጣት ነው።» መዳፋቸውን ዘረጉላት። በብየዳ እሳት ጠባሳ ብቻ ሆኗል።

ቦርሳዋን ከነመቀሱ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ሁለተኛውን ባልዲ አነሳች።

ያን ቤት አልገዛችም። በዓመቱ ግን ሁለት ክፍል ያላት ትንሽ ቤት አገኘች። ልታይ ስትሄድ ሽማግሌው አብረዋት ነበሩ... ኮስተር ብለው ግድግዳውን ያንኳኳሉ፣ የግድግዳውን ሥር በጣታቸው ይዳስሳሉ።

ሻጩ ግራ ገባው። «እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?»

«አባቴ ናቸው» አለች።

የሽማግሌው ቤትስ? እስካሁን አልተሸጠም...

ለማከራየት ብላችሁ ቤት የምትገዙ ወገኖች፣ ቤት ከደላላ ጋር አንዴ፣ ያለ ደላላ ሁለቴ ይታያል። በበጋ የወደዳችሁትን በዝናብ ሳታዩት አትፈርሙ። ተከራዩን ለብቻው አናግሩት። የመብራት ቢሉንም ጠይቁ፤ ሰው ይዋሻል፣ ቆጣሪ ግን ሰው ባልኖረበት ቤት አይቆጥርም። «ዛሬ ካልሆነ» ለሚላችሁ ደግሞ «እንግዲያው ይቅር» በሉት።

ልብስ እንኳ ስንገዛ ገልብጠን ስፌቱን እናያለን...

እና ደግሞ፣ የጠረጠርነው ሁሉ ክፉ፣ «እህትዬ» ያለን ሁሉ ወንድም አይደለም።

እስቲ ከልባችሁ መልሱልኝ... በሽማግሌው ቦታ እናንተ ብትሆኑ፣ ብቸኛዋን ገዢ እያጣችሁ እውነቱን ትነግሯት ነበር? ወይስ ሳቃችሁን ዋጥ ታደርጉ ነበር? 👇