የብረት ብናኝ

ሰውየው አዲሷን ነጭ መኪናውን ሊወለውል ማለዳ ቢወጣ፣ ጣሪያዋ በጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣብ ተረጭቶ አገኘው። በሳሙና አሸው፤ አልለቀቀም። በጥፍሩ ሲፍቀው ሻከረው። ዝገት ነበር። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቱ የበያጁ የታምራየሁ የብረት መቁረጫ እንደ ሰሞኑ ሁሉ እየጮኸ ፍንጣሪውን ይረጫል።

ደሙ ፈላ። የጎማ መፍቻውን ይዞ ሊወጣ ሲል ሚስቱ፣ ትናንት በቡጢው ያበጠ ዓይኗን በነጠላዋ እንደሸፈነች፣ "ኧረ በልጆችህ!" ብላ በሩ ላይ ቆመችበት። ገፍትሮ ጣላትና አለፈ።

"ጋሼ፣ ቀለሙ እኮ አልተነካም" አለ በያጁ መቁረጫውን አጥፍቶ። "ላዩ ላይ ያረፈው የብረት ብናኝ ነው የዛገው። በመድኃኒት አስለቅቅልዎ..."

አላስጨረሰውም። የመጀመሪያው ምት ክንዱን ሰበረው፤ ሁለተኛው ሲሠራው ከነበረው የብረት በር ሥር ዘረረው።

"የማንን በር ስትቆርጥ ነው መኪናዬን በዝገት ያስበላሃት? ተናገር! ባለቤቱንም እሰብረዋለሁ!"

በያጁ ደም እየተፋ ዝም አለ። ሰውየው ጎኑን መታው። አሁንም ዝም። መፍቻውን በበያጁ አናት ላይ ሲያነሳ ጩኸቱን የሰሙ የሰፈር ሰዎች ደርሰው እጁን ጠምዝዘው ያዙት።

ሚስቱ በሰዎቹ መሃል ሰንጥቃ ገባች። ነጠላዋ ከራሷ ላይ ወልቋል፤ ያበጠ ዓይኗን ሁሉም አየው።

"በሩ የእኔ ነው" አለች። "ለመኝታ ቤቴ ነው ያዘዝኩት። መቀርቀሪያው በውስጥ በኩል ነው።"