ሦስት ሙከራ

የእልፍነሽ ባል ታፈሰ የቤቱን ፎቶ ሁሉ ከሠርጋቸው ጀምሮ በስካነር እያነሣ ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ሲጭን አንድ ክረምት ፈጀበት። ሲጨርስ አልበሞቹን ሊያቃጥል ተነሣ።

«ኧረ ተው፣ አንዱ እንኳ እጃችን ላይ ይቅር» ብትለው ሳቀባት።

«ቤት ይቃጠላል፣ ምስጥ ይበላል። እዚያ ያስቀመጥኩትን ግን ማንም አይነካውም» ብሎ ሁሉንም እሳት ውስጥ ጨመራቸው።

እውነቱን ነበር። በድንገት አርፎ ለአርባው ፎቶ ሲፈለግ ማንም ሊነካው አልቻለም። ስልኩ ተቆልፏል፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ የለም። ታናሽ እህቷ ሮማን ላፕቶፗን ይዛ መጣችና ስትጎረጉር ቆይታ፣ «የይለፍ ቃሉን ለረሳ ሰው አንድ ጥያቄ አለ» አለቻት። «‹የመጀመሪያ ፍቅርህ ስም ማን ነው?› ይላል። የሚያስሞክረው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።»

እልፍነሽ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«ይሄማ ቀላል ነው። ከአንቺ በፊት ሴት አላውቅም እያለኝ አይደል ሃያ ዓመት የኖረው!»

ስሟን ጻፈች። ስህተት ነው አላት። እሱ ሲያቆላምጣት እንደሚጠራት «እልፌ» ብላ ጻፈች። አሁንም ስህተት ነው አላት።

«አንድ ሙከራ ቀረን» አለች እልፍነሽ። «ሌላ ምን ሊል ይችላል?»

ሮማን ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። እህቷን ቀና ብላ ሳታይ የራሷን ስም ጻፈች።

ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ይከፈቱ ጀመር፤ ከሁለቱ ግን አንዳቸውም አላዩዋቸውም።