የሽፍታው ድርሻ

ሰው በጨዋታ ውስጥ የፈጸመው ክፋት በገዛ የጠባይ መዝገቡ ላይ መጻፍ ከጀመረ ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛዬን ከበው፣ ገጸ ባሕርይ ይዘው ታሪክ እየፈጠሩ የሚጫወቱት ጓደኞቼ ሁሉ ጻድቅ ሆነዋል። ምንተስኖት በሽተኛ የሚፈውስ መነኩሴ ነው። ቤዛዊት ለድሃ የምታዝን ንግሥት ናት። ዶሮ የሚሰርቅ እንኳ ጠፋ! ክፉ የሌለበት ጨዋታ ደግሞ ምኑን ጨዋታ ሆነ? ስለዚህ የጨዋታው መሪ እኔ፣ ሽፍታውንም እጫወታለሁ።

ትናንት ሽፍታዬ አንድ መንደር አቃጠለ። ዛሬ ቁርስ ላይ የቢላዋው መሳቢያ አልከፈትም አለኝ። መዝገቤ ቀይ ሆኗል ማለት ነው፤ መዝገቡ ለቀላ ሰው ስለት ያለበት መሳቢያ አይከፈትለትም።

«ስንዱ፣ ዳቦ ልቆርስ ነበር፤ እስቲ ክፈችልኝ» አልኳት ባለቤቴን።

ጣቷን ስታሳርፍበት ወዲያው ተከፈተ። ቢላዋውን እንድታቀብለኝ እጄን ዘረጋሁ።

«ተወው፣ እኔ እቆርስልሃለሁ።»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ ስንዱዬ።»

«አውቃለሁ። አሥር ዓመት አብሬህ ኖሬ ላላውቅህ ነው?»

ዳቦውን ቆርሳ ሰጠችኝና ቢላዋውን አጥባ መለሰችው። መሳቢያው ሲዘጋ በራሱ እንደሚቆለፍ ታውቃለች። ቢሆንም እጀታውን ይዛ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጋ አየችው።